የ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህራንን በአነስተኛ የተግባር ሙከራ እንዴት እናሠልጥን? ከዝግጅት እስከ ክፍል ጉብኝት

ሥልጠናው ተሰጠ፤ አቴንዳንስ ተፈረመ፤ አበል ተከፈለ። ከወር በኋላ ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ የሙከራ ዕቃው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መምህሩን ብትጠይቁት «ተማሪው 60 ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ደግሞ ዕቃው ቢሰበርስ?» ይላችኋል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሥልጠናው ግን ለአንዱም መልስ አልነበረውም። አሠልጣኙ ፊት ቆሞ ሠራ፣ መምህራኑ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ።

ይህ መመሪያ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኞች እና በጉድኝት ማዕከል ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሁሉ ነው። የተሰላው ለሁለት ቀን፣ ለ24 መምህራን እና ለሁለት አሠልጣኞች ነው። መነሻው አንድ ነው፦ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚገጥመውን ብልሽት ሥልጠናው ላይ በገዛ እጁ ይየው። እዚያ ያልተበላሸበት ሰው ተማሪ ፊት ሲበላሽበት ዳግም አይሞክርም።

«አነስተኛ» ስንል በቢከር ሳይሆን በጠብታ መሥራት ማለት ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ 20 ጠብታ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር አቼቶ ለብዙ ክፍል ይበቃል፤ የሚሰበር ብርጭቆም የለም።


ክፍል አንድ፦ ከሥልጠናው በፊት

ደረጃ 1፦ ሙከራ ምረጡ፤ ከአራት አታስበልጡ

የጀነራል ሳይንስ መጽሐፉን ክፈቱ። መምህራኑ በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት የሚደርሱበትን ምዕራፍ ፈልጉ። ሙከራው ከዚያ ይውጣ። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ያለቀ ርዕስ ላይ ብታሠለጥኑ እስኪደርስ ድረስ ይረሳል።

እያንዳንዱን ሙከራ በሦስት ጥያቄ ፈትኑት፦

• ዕቃው ከወረዳው ገበያ፣ ሱቅ እና መድኃኒት ቤት ይገኛል?
• ውጤቱ በ15 ደቂቃ ይታያል?
• ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል?

አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ተዉት። ቅጠልን በአልኮል አፍልቶ ስታርች መፈለግ ለምሳሌ በብዙ መጻሕፍት አለ። አልኮል እና እሳት 60 ልጅ ባለበት ክፍል ግን አይገናኙም።

እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ሦስት ነው፦ አሲድ እና ቤዝ በከርከዴ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሪንጅ፣ ስታርች በአዮዲን። አራተኛውን መምህራኑ ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ሰብስቡ

ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ፌስታል አዘጋጁ። 24 ሰው ማለት 12 ጥንድ ነው፤ እናንተ 14 ፌስታል ያዙ። በእያንዳንዱ ውስጥ የሚገባው፦

• 60 ሚሊ ሲሪንጅ አንድ፣ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ሁለት፤ መርፌ የሌላቸው
• የግሉኮስ ቱቦ፣ አንድ ስንዝር ያህል
• የካፕሱል ማሸጊያ ፕላስቲክ ሁለት፤ ፎይሉ ተልጦ በሳሙና የታጠበ
• ነጭ ወረቀት በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ
• የሃይላንድ ክዳን አራት
• ስትሮ፣ ጥርስ መፋቂያ ስንጥር፣ ሶፍት

የካፕሱል ማሸጊያው ጉድጓዶች እንደ ትንንሽ የሙከራ ቱቦ ያገለግላሉ። ከሌለ በፕላስቲክ በተሸፈነው ወረቀት ላይ በፓርከር ክብ እየሠራችሁ ጠብታውን እዚያው ጣሉት። እንዲያውም ቀለሙ ከነጭ ወረቀት ላይ ይበልጥ ይለያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲሪንጅ እና ቱቦ ከመድኃኒት ቤት አዲስ ይገዛ። ከጤና ጣቢያ «ያገለገለ ግን የታጠበ» አትቀበሉ። መርፌውን መድኃኒት ቤቱ ላይ አስቀርታችሁ ኑ። መርፌ ሥልጠናው ክፍል ከገባ ትምህርት ቤትም ይገባል።

በጋራ የሚቀመጡት አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከርከዴ፣ ሎሚ፣ ሳሙና፣ አመድ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ኖራ እና አዮዲን ናቸው። ግዢ ላይ ሰው በየጊዜው የሚሳሳትባቸው አራት ነገሮች አሉ፦

ቤኪንግ ሶዳ እና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ቤኪንግ ፓውደር ውስጡ አሲድ የተቀላቀለበት ስለሆነ ተራ ውሃ ሲነካው ራሱ ይፈላል። ሱቅ ስትጠይቁ ሁለቱንም «ቤኪንግ» ብለው ይሰጧችኋል፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ኖራ እና ጀሶም እንዲሁ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ሁለቱም ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ይገዛሉ። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መለያ የሚሆነው ኖራ ብቻ ነው። ጀሶ ምንም አያሳይም።

የባትሪ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው፤ የባትሪ አሲድ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዕቃቸው ይመሳሰላል፣ አንድ መደርደሪያ ላይም ይቀመጣሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትግዙ፤ የዝናብ ውሃ ሰብስቡ።

በረኪናን ጭራሽ አታምጡ። አንድ መምህር «ይሄም ቤዝ ነው» ብሎ ከአቼቶ ጋር ቢያገናኘው የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። የኢንዲኬተሩንም (አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየውን የከርከዴ ውሃ) ቀለም ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ለትምህርቱም አይረባም።

ደረጃ 3፦ ሥልጠናው በሚሰጥበት ቦታ፣ በዚያው ውሃ ሞክሩ

ቤታችሁ የሠራው እዚያ ላይሠራ ይችላል። የቧንቧ ውሃ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቤዝ ያደላል፤ የከርከዴውን ቀለም ገና ከመነሻው ይቀይረዋል። ከአንድ ቀን በፊት ሂዱና እያንዳንዱን ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሩ። ውሃው ካስቸገረ በዝናብ ውሃ ወይም በባትሪ ውሃ ቀይሩ።

የኖራ ውሃም በዚሁ ቀን ይዘጋጃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኖራ በአንድ ሊትር ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ፣ ከድናችሁ ናጡ፣ አሳድሩት። ጠዋት ሳትንጡ ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ ወደ ሌላ ሃይላንድ ገልብጡ፤ እስከ አፉ ሙሉት፣ ክደኑት። አየር ካገኘ ይደክማል። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ዱቄቱን የምትነካኩት እናንተ ብቻ ሁኑ። ያልተበጠበጠ ድንጋይ ኖራ አትጠቀሙ፤ ውሃ ሲነካው በጣም ይግላል።

ደረጃ 4፦ ሰው እና ክፍል

ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ጋብዙ። ብቻውን ሠልጥኖ የሚመለስ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ጥንዱን ግን ስታጣምሩ የተለያየ ሙያ ያላቸውን አገናኙ። ጀነራል ሳይንስ ባዮሎጂ ብቻ የተማረውን መምህር ኬሚስትሪም አስተምር ይለዋል። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ለማያውቀው ነገር አያፍርም።

ርዕሰ መምህራኑን ለሁለተኛው ቀን ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ጋብዙ። የአቼቶ እና የሲሪንጅ ግዢ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው።

ጠረጴዛዎቹን ግድግዳ ጥግ አታስጠጉ፤ ዙሪያቸውን መሄድ ይቻል። በሩ አጠገብ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ በሃይላንድ አስቀምጡና «ለዓይን» ብላችሁ ጻፉበት። ማንም አይጠጣው።


ክፍል ሁለት፦ የመጀመሪያው ቀን

ደረጃ 5፦ ያለ ንግግር ጀምሩ (ከጠዋቱ 2:30)

የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ካለ በአምስት ደቂቃ ይለቅ። ፓወር ፖይንት አታብሩ። ፌስታሉን አድሉና ቀጥታ ወደ ጠብታ ግቡ።

የመጀመሪያው ልምምድ ውሃ ብቻ ነው፦

1. በ5 ሚሊ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ውሃ ሳቡ።
2. ጠብታ በጠብታ እየቆጠራችሁ ክዳን ውስጥ ጣሉ።
3. ስንት ሆነ? ጻፉ።
4. በስትሮ ድገሙት፤ ስትሮውን ውሃ ውስጥ አስገቡ፣ አናቱን በጣት ዝጉ፣ አንሡ፣ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉ።

አንዱ 18 ይላል፣ ሌላው 26። ክርክር ይነሣል። ተዉአቸው ይከራከሩ። ሲሪንጁን አዘንብሎ የያዘው እና ቀጥ አድርጎ የያዘው ለምን ተለያዩ? ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው፤ ገና ምንም ኬሚካል አልተከፈተም።

ከስትሮ በአፍ መሳብ ክልክል ነው። ውሃም ቢሆን። ዛሬ በውሃ የለመደ ነገ በኖራ ውሃ ይሞክረዋል።

የአሠልጣኙ ሕግ፦ ከዚህ ደረጃ ጀምሮ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩ። የመምህሩን ሲሪንጅ ነጥቃችሁ «እንዲህ ነው» አትበሉ። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። ሲበላሽባቸው ስታዩ እጅ ይበላል፤ ታገሡ። ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ምን የቀየራችሁት ነገር አለ?»

ደረጃ 6፦ አሲድ እና ቤዝ በከርከዴ

አዘገጃጀት

1. ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ ትኩስ ውሃ ዘፍዝፉ።
2. ከ10 ደቂቃ በኋላ አጥልሉት።
3. ሲቀዘቅዝ ይህን አድርጉ፦ የቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ በጠብታ እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ደማቁ ቀይ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲዞር አቁሙ።

ሦስተኛውን የሚዘለው ብዙ ሰው ነው፤ ሙከራው የሚከሽፈውም እዚያ ነው። ከርከዴ በተፈጥሮው አሲድ ነው። እንዳለ ከተጠቀማችሁበት በሎሚም ቀይ፣ በንጹሕ ውሃም ቀይ፣ በስኳር ውሃም ቀይ ይሆናል። ተማሪው «ስኳር አሲድ ነው» ብሎ ይጽፋል። ልክ ነው፣ ያየውን ነው የጻፈው።

አልፎባችሁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ያልተነካ ከርከዴ ጠብታ ጨምሩበት፣ ይመለሳል።

አሠራር

1. በማሸጊያው አሥር ጉድጓዶች ውስጥ አምስት አምስት ጠብታ ናሙና ጨምሩ፦ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ጨው ውሃ፣ ስኳር ውሃ፣ የዝናብ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ሳሙና ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ፣ የተጣራ የአመድ ውሃ፣ የኖራ ውሃ።
2. ከመንጠባጠባችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቀለም ገምቱ፤ በጽሑፍ።
3. ወደ እያንዳንዱ አንድ ጠብታ ኢንዲኬተር ጣሉ።
4. በስንጥር አማስሉ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አዲስ ስንጥር።
5. ቀለሙን ጻፉ። አሲዱ ቀይ፣ ገለልተኛው ወይን ጠጅ፣ ቤዙ ወደ ሰማያዊ እና አረንጓዴ ይሄዳል።

ሲበላሽ

ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ኢንዲኬተሩ በዝቷል። አምስት ለአንድ የሚለውን ጠብቁ።

የቧንቧ ውሃው ሰማያዊ ከሆነ ስሕተት አይደለም፤ ውሃው ነው እንደዚያ። ጥሩ የውይይት ጥያቄ ነው።

ኢንዲኬተሩ ቡናማ ከሆነ ያደረ ነው። በሠራችሁበት ቀን ተጠቀሙበት፤ ጠዋት የተሠራ ለከሰዓት ፈረቃ ይደርሳል፣ ለነገ ግን አይሆንም።

ከርከዴ በሌለበት የቀይ ሽንኩርት የውጭ ልጣጭ ይሠራል። ሁለት እፍኝ ለ10 ደቂቃ ቀቅሉ። አሲድ ላይ ሮዝ፣ ቤዝ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ገለልተኛውን ግን በደንብ አይለይም።

ቀድመው ለጨረሱ ጥንዶች አምቦ ውሃ ስጧቸው፤ አንዱ አሁን የተከፈተ፣ ሌላው ፈልቶ የቀዘቀዘ። ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ የቀረው ባይካርቦኔት ወደ ቤዝ ያደላል። ቀለሙ ለምን እንደተለያየ አትንገሯቸው። ምሳ ላይ ይከራከሩበት።

ደረጃ 7፦ ጋዝ በሲሪንጅ (ከሰዓት 8:00)

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ከምሳ በኋላ ይሁን።

ሚዛን አያስፈልግም። ከሽሮፕ መድኃኒት ጋር የሚመጣው ማንኪያ 5 ሚሊ ይይዛል፤ በዚያ ልክ ቤኪንግ ሶዳ ስትሰፍሩ ወደ 5 ግራም ይሆናል። ይህን በ100 ሚሊ ውሃ በጥብጡ። ከዚህ ብጥብጥ 2 ሚሊ ስትስቡ 0.1 ግራም ያህል ሶዳ ያዛችሁ ማለት ነው።

1. የ60 ሚሊውን ሲሪንጅ ገፊ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡና ግፉ፤ ይላላ። ከደረቀ አንድ ጠብታ የሳሙና ውሃ።
2. 2 ሚሊ የሶዳ ብጥብጥ ሳቡ። አየሩን አስወጡ።
3. የሲሪንጁን አፍ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ሳታቋርጡ 3 ሚሊ ያህል ሳቡ።
4. ወዲያው አፉን በአውራ ጣት ዝጉ። ገፊውን ልቀቁት፣ ግን ከኋላው ሰው አይቁም።
5. ቀስ ብላችሁ ናጡ። ገፊው ወደ ኋላ መሄዱን ሲያቆም ቁጥሩን አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ2 ሚሊ ብጥብጥ አታስበልጡ። ገፊው ወጥቶ ይወረወራል፣ አቼቶውም ዓይን ውስጥ ይገባል። ሲሪንጁ ወደ ማንም ፊት አይዙር። ባለ20 ሚሊ ሲሪንጅ ብቻ ካለ 0.8 ሚሊ ብጥብጥ እና 2 ሚሊ አቼቶ ይበቃል።

ከውጭ አገር መመሪያ መጠን የሚገለብጡ ሰዎች እዚህ ይሳሳታሉ። 0.1 ግራም ሶዳ በስሌት ባሕር ጠለል ላይ ወደ 29 ሚሊ ጋዝ ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ያው ሶዳ ወደ 38 ሚሊ ይደርሳል። ጋምቤላ 31 ገደማ። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ከፊሉ ጋዝ ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል፣ ከፊሉ በአፉ ያመልጣል። ይህን ልዩነት ለመምህራኑ ስጧቸው። የፊዚክሱ መምህር በዚህች ሰዓት ነው ነፍስ የሚዘራው።

አሁን ጋዙን እንለየው፦

1. ቱቦውን አዘጋጁ። የሲሪንጁን አፍ ወደ ላይ አዙሩ፤ ጋዙ ወደ አፉ ይመጣል፣ ፈሳሹ ከታች ይቀራል።
2. ጣታችሁን አንሥታችሁ ቱቦውን ሰኩ። ሌላኛውን ጫፍ ሁለት ሚሊ የኖራ ውሃ ያለበት ክዳን ውስጥ ንከሩ።
3. ገፊውን በጣም ቀስ ብላችሁ ግፉ። ፈሳሹ ቱቦው ጋ ሳይደርስ አቁሙ።
4. የኖራው ውሃ ወተት ይመስላል።

ሲበላሽ

ምንም ካልነጣ አንድም ኖራው ጀሶ ነው፣ አንድም አቼቶ ተከትሎ ገብቷል፣ አንድም ኖራው አርጅቷል። ለመለየት ሌላ የኖራ ውሃ ውስጥ በስትሮ ተንፍሱ፤ መተንፈስ ብቻ፣ መሳብ የለም። በትንፋሽ ከነጣ ኖራው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ሲሪንጁ ጋ ነው።

ነጥቶ እንደገና ከጠራ ጋዙ በዝቶበታል። መጀመሪያ የተሠራው የማይሟሟ ካርቦኔት ተጨማሪ ጋዝ ሲያገኝ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ይለወጣል። ብዙ መምህር «ተበላሸብኝ» ብሎ የሚደፋው ይህን ነው፤ ሙከራው ግን ከሚጠበቀው በላይ ሠርቷል።

የኖራ ውሃ ዓይን ከገባ በንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ይህን ቁሙና አንድ ጊዜ በተግባር አሳዩ፤ ማን ውሃውን ያመጣል፣ ማን ልጁን ይይዛል።

ደረጃ 8፦ ስታርች በአዮዲን

ይህ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የመድኃኒት ቤት አዮዲን ወይም ቤታዲን አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኑ። ድንች፣ ዳቦ፣ የሩዝ ውሃ፣ ስኳር፣ የበሰለ እንቁላል ነጭ ላይ አንድ አንድ ጠብታ። ስታርች ያለበት ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። እንጀራ ከተጠቀማችሁ ነጭ ጤፍ ይሁን፤ በጥቁር ጤፍ ላይ ምንም አይለይም። ምግቡ ትኩስ ከሆነ ቀለሙ አይወጣም፣ አቀዝቅዙት። የተሞከረበት ምግብ አይበላም፣ የጾም ቀንም ባይሆን።

ነጠላ የለበሰች መምህርት ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ሎሚ ጨምቁበት፤ የአዮዲኑ ቀለም ይጠፋል።

አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ «ጨዋችን አዮዲን አለው ይባላል፤ ታዲያ ድንቹን ለምን አያጠቁረውም?» ጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዴት የሚባለው ውሁድ ነው፤ ከስታርች ጋር ቀለም የሚሰጠው ደግሞ ነፃው አዮዲን። መልሱን ያዙት፣ ግን ቀድማችሁ አትናገሩ።

ደረጃ 9፦ ብልሽት ፍለጋ

የቀኑ የመጨረሻ 45 ደቂቃ። ለኔ የሥልጠናው ልብ ይህ ነው። ሌላ ነገር ጊዜ ከበላባችሁ ደረጃ 8ን ቁረጡ እንጂ ይህን አትንኩ።

ሆን ብላችሁ ያበላሻችኋቸውን ፌስታሎች አድሉ፤ ስድስት ዓይነት ብልሽት፣ እያንዳንዱ ለሁለት ጥንድ፦

• በቤኪንግ ሶዳ ቦታ ቤኪንግ ፓውደር
• በኖራ ውሃ ቦታ የጀሶ ውሃ
• በውሃ አሥር እጥፍ የቀጠነ አቼቶ
• ያደረ፣ ቡናማ የሆነ ከርከዴ
• ገፊው የተሰነጠቀ ሲሪንጅ
• ሶዳ ያልተጨመረበት፣ ቀይ እንደሆነ የቀረ ከርከዴ

ሥራው አንድ ነው፦ ምን እንደተበላሸ በ20 ደቂቃ ፈልጉ። አሠልጣኝ አይጠየቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየሩና ከሠራ የትኛው እንደነበር አያውቁትም፤ አስቁሟቸው፣ ከመጀመሪያ ይጀምሩ።

ከዚያ እያንዳንዱ ጥንድ በሁለት ደቂቃ ያስረዳ፦ ምን ጠረጠርን፣ በምን አረጋገጥን። ያላገኘ ጥንድ ካለ አታዋርዱት። ጎረቤቱ ጥያቄ ይጠይቀው፣ መልስ ግን አይስጠው።


ክፍል ሦስት፦ ሁለተኛው ቀን

ደረጃ 10፦ አንድ ገጽ የተማሪ ወረቀት

ጠዋት እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሙከራ ይዞ አንድ ገጽ ይጻፍ። አራት ክፍል ብቻ፦ ምን ይሆናል ብለህ ትገምታለህ? ምን አደረግህ? ምን አየህ? ለምን?

ቋንቋው ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበት ይሁን። ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ከሆነም ለዕቃው ተማሪው የሚያውቀው ስም ይጻፍ። «ቪኒገር» የሚለው ቃል ያደናገረው ልጅ ስለ አሲዱ አያስብም፤ አቼቶ በሉት።

ወረቀቱ ላይ መልሱ ቀድሞ ከተጻፈ ሰርዙት። «ቀለሙ ወደ ቀይ ሲለወጥ ታያለህ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ተማሪው ባያይም ቀይ ብሎ ይጽፋል።

ደረጃ 11፦ በ60 ተማሪ ልክ ልምምድ

መምህራኑ እርስ በርሳቸው ተማሪ እየሆኑ መለማመዳቸው አይበቃም። 24 ጨዋ ጎልማሳ ክፍል አይደለም። ሥልጠናውን የሚያስተናግደውን ትምህርት ቤት አስቀድማችሁ አስፈቅዱና አንድ ሙሉ ክፍል አስመጡ።

60 ተማሪ ማለት 15 ቡድን፣ በቡድን አራት። ለእያንዳንዱ ሥራ ስጡ፦ ዕቃ አምጪ፣ ሠሪ፣ መዝጋቢ፣ አጽጂ። የሚነሣው ዕቃ አምጪ ብቻ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ 60 ልጅ አንዴ ይነሣል። በሚቀጥለው ሙከራ ሥራው ይዞራል። ካልዞረ ሠሪው ሁሌ አንድ ልጅ ይሆናል፣ ሴቶቹ ሁሌ መዝጋቢ እና አጽጂ።

የ40 ደቂቃው ክፍፍል፦

• 5 ደቂቃ፦ ጥያቄ እና ግምት። ዕቃ ገና አልታደለም።
• 3 ደቂቃ፦ ዕቃ ማደል
• 15 ደቂቃ፦ ሥራ
• 5 ደቂቃ፦ ዕቃ መሰብሰብ
• 12 ደቂቃ፦ ውይይት

ዕቃው ከውይይቱ በፊት ይሰበሰብ። ሲሪንጅ በእጁ የያዘ የ7ኛ ክፍል ልጅ አይሰማችሁም፤ ጓደኛው ላይ ውሃ ይረጫል።

አንድ ጥንድ ያስተምር፣ ሌሎቹ ከዳር ሆነው ይመልከቱ። የሚመዘግቡት መምህሩ የተናገረውን ሳይሆን ተማሪዎቹ ያደረጉትን ነው፦ የትኛው ቡድን ጠበቀ? የት ተደናገሩ? ማን ዕቃ ሳይነካ ወጣ? ከሰዓት ሁለተኛ ክፍል ማግኘት ከቻላችሁ ሌላ ጥንድ ያው ሙከራ ላይ ያሻሽለው።

ትምህርቱ ቢበላሽ አትግቡ። መምህሩ ተማሪዎቹን «ምን ሆነ መሰላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ የትናንቱ ብልሽት ፍለጋ ሠርቷል። ዝም ካለ ወይም «እንደዚህ መሆን ነበረበት» ብሎ ካለፈ ግምገማው ላይ አንሡት፤ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ፣ እሱ ራሱ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ።

ደረጃ 12፦ ንብረት፣ ቁልፍ፣ ቀን

ርዕሰ መምህራኑ በዚህ ሰዓት ይግቡ። አንድ ሙከራ በእጃቸው ይሥሩ፤ የሲሪንጁ ይሁን። ከዚያ ሦስት ነገር እዚያው ይወሰን፦

ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል? ንብረት ክፍል ጋ ብቻ ከሆነ መምህሩ ለሁለት ማንኪያ ሶዳ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ሲያስፈርም ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አላቂ ዕቃው በአንዴ ወጪ ሆኖ በመምህሩ እጅ ይቀመጥ።

ሲሰበር ማን ይከፍላል? ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ መምህር ቁም ሣጥኑን አይከፍትም። ፕላስቲኩ አላቂ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

መቼ ይሠራል? «በቅርቡ» አይባልም። ቀን፣ ክፍል፣ የሙከራው ስም፤ ከሁለት ሳምንት ያልራቀ። መምህሩም ርዕሰ መምህሩም ይፈርሙ። ሰርተፊኬቱን አሁን አትስጡ፤ ከጉብኝቱ በኋላ ይሁን። ቅር የሚላቸው ይኖራሉ፣ ይሁን።


ክፍል አራት፦ ከሥልጠናው በኋላ

ደረጃ 13፦ ጉብኝት

የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። ሕጉ አንድ ነው፦ የተበላሸ ሙከራ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሌሎች ምክንያቱን ይገምታሉ። የመልካም ምኞት ስቲከር ከበዛበት ግሩፑ ይሞታል፤ አጽዱት።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሂዱ። የምትሄዱት በተፈረመው ቀን እና ሰዓት ነው፤ ድንገተኛ ፍተሻ አታስመስሉት። ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ስንት ተማሪ ዕቃ ነካ፣ እና ሲበላሽ መምህሩ ምን አደረገ።

ካልሠራ ሪፖርት ለመጻፍ አትቸኩሉ። ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ሙሉ የክፍል ዕቃ፣ 15 ፌስታል፣ ይዛችሁ ሂዱ። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሆነ ጠይቁትና አብራችሁ ግቡ። እሱ ያስተምራል፣ እናንተ ዕቃ ታድላላችሁ፣ እጃችሁም ወደ ኋላ ይመለሳል።